ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ የሚቀርበው የጃማይካ ቁርስ፦ አኪና ጨው አሳ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ በሚያወጣው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት አንዲት ቁርስ ቤት አለች። በሯ ላይ የተሰቀለ ስም የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ቤት ፍርፍር፣ ጨጨብሳና ፉል ታቀርባለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከ2 ሰዓት ጀምሮ ምድጃው ለአንድ ምግብ ብቻ ይለቀቃል፤ እርሱም የጃማይካ ብሔራዊ ምግብ የሆነው አኪና ጨው አሳ ነው።

ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት ቅዳሜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ቅር ብሎኝ ወጣሁ፤ በሁለተኛው ረክቼ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ደግሞ ባለቤቷ ፈቅደውልኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጓዳ ገብቼ፣ አሳው ከተዘፈዘፈበት ውኃ ወጥቶ ሳህን ላይ እስኪቀርብ ድረስ አጠገባቸው ቆሜ አብሬ ሠራሁ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ተመሥርቼ ብጽፍ ቤቷን እበድል ነበር፤ በሁለተኛው ብቻ ብጽፍ ደግሞ አንባቢን። ስለዚህ የምሰጠው አስተያየት ሦስቱንም ቀናት ያየ ነው።

ምግቡን ለማያውቅ ሰው አስቀድሞ መናገር ያለብኝ፣ አኪ ፍሬ ቢሆንም ጣፋጭ አለመሆኑን ነው። ፍሬ ሲባል ማንጎ ወይም ፓፓያ አስቦ የሚመጣ ሰው ግራ ይጋባል። ከውጭ ቀይ ሆኖ ዛፉ ላይ እያለ ሲበስል ልጣጩ በራሱ ይከፈታል፤ ውስጡ የሚያብረቀርቁ ትልልቅ ጥቁር ዘሮች፣ በእያንዳንዱ ዘር ሥር ደግሞ እንደ ቅቤ ያለ ገርጣ ቢጫ ሥጋ ይታያል። የሚበላው ይህ ቢጫ ክፍል ብቻ ነው። በሽንኩርትና በቲማቲም ከተቁላላ በኋላ ከተበጣጠሰ ጨው አሳ ጋር ሲደባለቅ፣ ከሩቅ ለሚያየው ቁርጥ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። አፍ ውስጥ ግን ሌላ ነው፤ በደንብ የበሰለ አቮካዶን የሚያስታውስ ልስላሴ አለው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የለውዝ ጣዕም ይተዋል፣ ለብቻው ሲቀመስ ደግሞ በጣም ገር ነው። አሳው ከጎኑ የሚገባው ለዚህ ነው። ፍሬው ልስላሴውን ይሰጣል፣ አሳው ጨውንና የሚታኘከውን ነገር። አንዱ ከተበላሸ ሌላው ሊሸፍንለት አይችልም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የተበላሸው አሳው ነበር። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ ምላሴ ተኮማተረ፤ ሳህኑን ሳልጨርስ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ጠጣሁ። የዚያን ቀን ባለቤቷ ለቅሶ ሄደው አልነበሩም፤ አሳውን ያበሰለችው ረዳታቸው ነበረች። በሁለተኛው ቅዳሜ ነገሩን ስነግራቸው ምክንያት አልደረደሩም፤ አሳው ማታ ሳይዘፈዘፍ ቀርቶ ጠዋት ብቻ ውኃ እንደነካ በግልጽ ነገሩኝና የዚያን ዕለት ሒሳብ አልቀበልም አሉ። እኔ ከፈልኩ፤ ግን ያ መልስ ወደ ጓዳቸው እንድገባ ለመጠየቅ ድፍረት ሰጠኝ።

ደንበኞች በሙሉ «እማማ» የሚሏቸው እኚህ ሴት ተወልደው ያደጉት ሻሸመኔ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ ዓለም ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ከግል ይዞታቸው መሬት የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ አባታቸው በኋላ ከጃማይካ መጥተው እዚያ ከሰፈሩት አንዱ ነበሩ። የሚገርመው ግን ምግቡን ከአባታቸው አልተማሩም። እንደ ብዙ ራስተፈሪያውያን አባታቸው ከምድር የተገኘውን እንዳለ መመገብን የሚያዘውን የ«አይታል» ሥርዓት ይከተሉ ስለነበር፣ ጨው የበዛበትንና በቆርቆሮ የታሸገን ነገር አይነኩም ነበር። አኪና ጨው አሳ አሠራርን ያሳዩዋቸው ጎረቤታቸው የነበሩ አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት ናቸው። ይህን የምጽፈው፣ የጃማይካ ምግብ ሁሉ የራስተፈሪያን ምግብ ነው ብለን የምናስብ ብዙዎች ስለሆንን ነው።

አሁን ወደ አሳው። የጃማይካ ጨው አሳ በጥንቱ ልማድ ኮድ ከተባለ የሰሜን አትላንቲክ አሳ የሚሠራ ነው። በባርነት ዘመን ከኒውፋውንድላንድና ከኖቫ ስኮሺያ የሚነሡ መርከቦች አውሮፓ የማይገዛውን ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ጨው አሳ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ያወርዱ፣ በምትኩ ስኳር፣ ሞላሰስና ረም ጭነው ይመለሱ ነበር። የሸንኮራ እርሻ ጌቶች አሳውን የሚገዙት በባርነት የያዟቸውን ሰዎች በርካሽ ለመመገብ ነው፤ ጨው ስላለበት በዚያ ሙቀት አይበላሽም፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። አኪውም ቢሆን የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለም፤ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ሲሆን በ18ኛው ክፍለ ዘመን በባሪያ ፈንጋይ መርከብ ጃማይካ እንደደረሰ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1793 ካፒቴን ዊልያም ብላይ ናሙናውን ከጃማይካ ወደ እንግሊዝ ስለወሰደ ሳይንሳዊ ስሙ በእርሱ ስም ተጠራ፤ «አኪ» የሚለው መጠሪያ ግን ከጋና አካባቢ የአካን ቋንቋ የመጣ ነው። እማማ የአሳውን እሾህ በጣታቸው እየፈለጉ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም። «ሁለቱም ተገደው የመጡ ናቸው፤ እዚያ ተገናኙ» አሉኝ፤ ከዚያም ቀና ብለው የሽንኩርቱን እሳት እንድቀንስ አዘዙኝ።

አዲስ አበባ ላይ ኮድ ማግኘት ውድም አስቸጋሪም ነው። ቤቷን ከፍ አድርጌ እንድመለከታት ያደረገኝ ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ ችግር ነው፤ እማማ አሳውን ራሳቸው በጨው ያደርቁታል። የሚገዙት ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣውን ነጭ አሳ ነው። ቆሮሶ ሞክረው ነበር፤ ሥጋው ስስ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ ሲቀቀል እንደ ዱቄት ይፈርሳል አሉኝ። ነጭ አሳ ግን ወፍራም ቃጫ አለው፣ ሲበስል በትልልቁ ይለያያል። ሆዱ አካባቢ ያለውን ስብ የበዛበትን ክፍል ቆርጠው ለሾርባ ያስቀሩታል፤ ስብ ጨው በደንብ አይዘልቀውም፣ ቆይቶም ይሸታል። የቀረውን በሁለት ጣት ውፍረት ሸንሽነው፣ ሻካራ ጨው ከታችም ከላይም እየነሰነሱ በአንድ ወገን ዘንበል ባለ ትሪ ላይ ይደረድሩታል፤ አሳው የሚተፋው ውኃ ወደ አንድ ጥግ እንዲፈስ ነው። በሦስተኛው ቀን ጨውን አራግፈው፣ ዝንብ በማያስገባ መረብ በተሸፈነ ቆጥ ላይ ይሰቅሉታል። ሲያሳዩኝ ከአፌ የወጣው ቃል «ቋንጣ» ነበር፤ እሳቸውም «ታዲያ ምን መሰለህ?» አሉኝ። ሥጋን በጨው ነክቶ ገመድ ላይ ማድረቅ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ባዳ ጥበብ አይደለም። ልዩነቱ የጨው ብዛት ነው፤ ቋንጣ በጨው ይቀመማል፣ ይህኛው አሳ ግን በጨው ይቀበራል።

ስለዚህም ከመብሰሉ በፊት ከጨው መውጣት አለበት፤ የምግቡ ግማሽ ሥራ ይህ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ማታ ውኃው ይለወጣል፤ ጠዋት ይደፋና በአዲስ ውኃ ይቀቀላል። ይህ ውኃም ተደፍቶ እንደገና በሌላ ውኃ ይቀቀላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ጊዜ መቀቀል ሊበቃ ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቅቀሉ ረዘም ይላል። በሦስተኛው ቅዳሜ ከሁለተኛው ቅቀል በኋላ ቅመስ ስባል ከአንዱ ቁራጭ ጫፍ ቆንጠር አደረግሁ። እማማ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ከጫፉ አትቅመስ፤ ጫፉ ይዋሻል። ከመሃሉ፣ ከወፍራሙ ቅመስ።»

ጫፉ ለስላሳና ልከኛ ነበር፤ መሃሉ ግን ገና ምላስ ይቆነጥጣል። ድስቱ ለተጨማሪ 10 ደቂቃ ተመለሰ። ጨው ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣም ይጠነቀቃሉ፤ ጨው የጠፋበት አሳ ውኃ የጠጣ ጨርቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ የሚነሰነስ ጨውም አይመልሰውም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስሕተት ከየት እንደመጣ በትክክል የገባኝ እዚያ ድስት አጠገብ ነው። ረዳቲቱ ጫፉን ቀምሳ አውጥታው ይሆናል።

አኪው ከቆርቆሮ ነው የሚወጣው፤ ይህንንም ቤቷ አትደብቅም፣ ቆርቆሮዎቹ መደርደሪያው ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል። ትኩስ አኪ ባለመቅረቡ ቅሬታ የሚያሰሙ ደንበኞች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከእማማ ጋር ነኝ። ዛፉ ላይ ያልበሰለ አኪ መርዝ አለበት። ሃይፖግሊሲን ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ጉበት ስኳር የሚያመርትበትንና ስብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን መንገድ ይዘጋል፤ ኃይለኛ ትውከት ያመጣል፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በድንገት ያወርዳል፣ ሰውም ይገድላል። ጃማይካውያን ፍሬው ዛፉ ላይ ሳለ በራሱ ካልተከፈተ አይቆርጡትም፣ በግድ ከፍተውም አይበሉትም። ዘሩንና ከሥጋው ጋር የተያያዘውን ቀይ ሽፋን አስወግደው፣ የተቀቀለበትንም ውኃ ይደፋሉ፤ ያልበሰለውን ግን ምንም ያህል ቢቀቅሉት አስተማማኝ አይሆንም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አኪ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከልክሎ፣ በ2000 የመርዙን መጠን ለሚቆጣጠሩ ፋብሪካዎች ብቻ የፈቀደው ለዚህ ነው። ዛፉን ከሥር ጀምሮ የማያውቅ ሰው ባለበት ከተማ፣ በባለሙያ ተመርጦ የታሸገው ይሻላል።

የቆርቆሮ አኪ አንድ ጠባይ አለው፤ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ማማሰያ አይወድም። እማማ መጀመሪያ በዘይት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያቁላላሉ፤ ከዚያ የፈረንጅ ቃሪያና ቲማቲም፤ ከዚያ የተበጣጠሰውን አሳ ጨምረው ዘይቱን እስኪጠጣ ያቆዩታል። አኪው በመጨረሻ ይገባል፤ በወንፊት ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ብቻ። መጥበሻው ይወዘወዛል እንጂ አይማሰልም። የመጀመሪያውን መጥበሻ እኔ በልማዴ በማማሰያ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ማሰልኩትና ቢጫው ፍሬ ወዲያው እንደ ሽሮ ተዋሐደ። ጣዕሙ አልጠፋም፤ ግን ፍሬው ለብቻው፣ አሳው ለብቻው የሚታይበት ምግብ መሆኑ ቀረ። እማማ ያንን ለእኛ ለሠራተኞቹ አስቀሩትና ለደንበኛ ሌላ ቆርቆሮ ከፈቱ። በዚህ ዋጋ ቆርቆሮ ለሚገዛ ቤት ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ አንድ 540 ግራም ቆርቆሮ ውኃው ሲወጣ የሚተርፈው ግማሹ ገደማ ነው፣ ሁለት ሳህን ብቻ ያወጣል።

ቅመሙ ላይ ደስ ያለኝ ጦስኝ ነው። ጃማይካውያን በዚህ ምግብ ውስጥ የሚጨምሩት ቅጠል የእኛው የደጋ ጦስኝ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ እማማ ከውጭ የመጣ ደረቅ ቅጠል ከመግዛት የሰሜን ሸዋ ጦስኝ በእጃቸው አሽተው ይበትናሉ። ሽታው ከዋናው ቅጠል ጠንከር ይላል፣ ለአሳው ግን እጅግ ተስማምቶታል፤ እንዲያውም ቤቷ በዚህ ምግብ ላይ የጨመረችው የራሷ ነገር ቢኖር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በቃሪያው በኩል ግን የጎደለ ነገር አለ። ስኮች ቦኔት የሚባለው የካሪቢያን ቃሪያ እንደ ፍራፍሬ ያለ መዓዛ አለው፤ እዚህ በምትኩ የሚገባው እሸት ሚጥሚጣ ሲሆን፣ ማቃጠሉን ያቃጥላል፣ መዓዛውን ግን አይሰጥም። መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ በብዛት ይፈጭበታል።

ከምግቡ ጋር የሚቀርቡት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ በዘይት የተጠበሰ ክብ ሊጥና አንድ ጭልፋ ጎመን ናቸው። የተጠበሰው ሊጥ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨውና ጥቂት ቅቤ ነው፤ ቦምቦሊኖ የሚወድ ሰው በመልኩ ያውቀዋል፣ ስኳርና እርሾ ግን የለበትም። ከመጥበሻው እንደወጣ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የአኪውን ዘይት ለመጥረግ ከእርሱ የተሻለ ነገር የለም። ጎመኑ በካላሉ ፋንታ የገባ ነው፤ ካላሉ ጃማይካ ውስጥ የሚበላ፣ እኛ አሉማ ከምንለው ተክል ወገን የሆነ ቅጠል ነው። አሉማ በክረምት በየማሳው ዳር ይበቅላልና እማማ አንድ ቀን ቢሞክሩት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ሙዙ የአርባ ምንጭ ነው። በሦስቱም ቀናት ቀዝቅዞ ቀረበልኝ፤ ቀድሞ ተቀቅሎ ሳህን ላይ ይጠብቃል፣ ጥሬ ሙዝ ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንደ ሳሙና ይሆናል። ይህ በቀላሉ የሚታረም ጥፋት ስለሆነ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ አሳዝኖኛል።

በመጨረሻ ቡና ይመጣል። ጃማይካ በቡናዋ ዝነኛ ናት፤ ተክሉ ደሴቲቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ሲሆን ዘሩ በብዙ እጅ ዞሮ መነሻው ከኢትዮጵያ ደን ነው። ቤቷ የምታፈላው የይርጋጨፌ ቡና ነው፣ ቅዳሜ በጀበና።

ዋጋው ቡናውን ጨምሮ 950 ብር ነው። በዚያው ሰፈር ፍርፍር በልቶ ከሚወጣበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ አንድ ደመወዝተኛ ቤተሰቡን ይዞ በየሳምንቱ ሊሄድበት የሚችል አይደለም። ቆርቆሮው ምን ያህል እንደሚያወጣና አሳው ስንት ቀን እንደሚለፋበት ካየሁ በኋላ ግን ዋጋው ተጋንኗል ለማለት አልችልም። ሳህኑ ሁለት ሰው በደንብ ይመግባል፤ ለሁለት ተካፍለው የሚበሉ ብዙ ደንበኞች አይቻለሁ፣ ቤቷም ሁለተኛ ባዶ ሳህን ሳትጠየቅ ታመጣለች። ክፍያ በቴሌብርም ይሆናል። መስተንግዶው ቅን ነው፣ ንጽሕናው መልካም ነው፤ የአየር መውጫው ግን ደካማ ስለሆነ የአሳው ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ያስብበት።

ስለ ጾም የሚጠይቁኝ ስላሉ፦ እማማ ኦርቶዶክሳዊት ናቸው፤ በሁዳዴ ይህን ቁርስ ጨርሶ አይሠሩም፣ በፍልሰታም እንዲሁ። አሳ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጓዳቸው ውስጥ ማንሳት አይፈልጉም፤ ጠዋት የሚበላ ነገር ጾም አይባልም ብለው ይዘጉታል።

አሳው ዓርብ ከቀትር በኋላ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ፣ መሄድ የሚፈልግ ሰው እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ በአካል ቀርቦ ማስመዝገብ አለበት፤ የሚዘፈዘፈው በተመዘገበው ሰው ልክ ነው፣ ጥቂት ትርፍ ሳህን ብቻ ይኖራል፣ እርሱም 4 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከ3 ሰዓት በፊት የደረሰ ሊጡን ከመጥበሻው ያገኘዋል። ሙዙን ግን ትኩስ ይሁንልኝ ብላችሁ ስትቀመጡ ተናገሩ።